የውሃ አባት ጋቢ

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አላት መምህር ናሆም። «ከኋላ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ደግሞ ፈገግ በይ፤ የቀብር ንግግር አይደለም።»

ሔዋን ወረቀቱን እንደገና ወደ ዓይኗ አቀረበች። ሌሎቹ ተማሪዎች ሄደዋል። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት መምህሩና እሷ፣ እንዲሁም በሩን ተደግፋ ማስቲካ የምታላምጠው ጓደኛዋ ሰይዳ ብቻ ናቸው።

«‹አባቴ አቶ ሞላ ለራሳቸው ሳይሉ፣ ያለ አንዳች ክፍያ ለአካባቢያቸው ሕዝብ...›» ብላ ጀመረችና ቆመች።

«ቀጥዪ እንጂ።»

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ የጎደለ ነገር አለ።»

«ምን ጎደለ?»

«‹ለራሳቸው ሳይሉ› ከሚለው ቀጥሎ ‹ለልጃቸውም ሳይሉ፣ ለሚስታቸውም ሳይሉ› ብለው ይጨምሩበት።»

የሰይዳ መንጋጋ ቀጥ አለ። መምህር ናሆም ቀልድ መስሎት ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። ከአላማጣ መጥቶ ማስተማር የጀመረው በዚሁ ዓመት ነው፤ የሰፈሩን ነገር ገና እየለመደ ነበር። ጽሑፉን ለማዘጋጀት አንድ ምሽት ሙሉ ደክሞበታል።

«ሔዋን» አላት ቀስ ብሎ። «ቅዳሜ የወላጆች በዓል ነው። ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ። አርአያ ለሆኑ በጎ ፈቃደኞች እውቅና ሲሰጥ ከቀበሌያችን የተመረጠው ያንቺ አባት ነው። አንቺን የመረጥኩሽ ደሴ ስለተማርሽ፣ ንባብሽም ጥሩ ስለሆነ ነው። ካልፈለግሽ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ።»

«አነበዋለሁ» አለች ሔዋን። ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። እንዴት እንደምታነበው ግን አልነገረችውም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ከኮቦ ወደ ሮቢት የሚወርደውን አስፋልት ተሻግረው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገቡ። አሸዋው ጫማቸውን አልፎ እግራቸውን ያቃጥል ነበር።

«ሰውዬውን አሳቀቅሽው እኮ» አለች ሰይዳ።

«ይሳቀቅ።»

«አባትሽ ጋቢ ሊሸለም ነው፣ አንቺ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ። ወላሂ፣ የኔ አባት በሕይወት ኖሮ ካልሲ እንኳ ቢሸልሙት ኮቦ ድረስ እየጨፈርኩ ነበር የምሄደው።»

«እናንተ አምና ማሽላ አገኛችሁ። እኛ ምን አገኘን?»

ሁለቱም ነገሩን ያውቁታል።

በዚያ ቆላ ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ዘር አያበቅልም። ዘር የሚያበቅለው በስተምዕራብ ደጋው ላይ ዘንቦ በደረቁ ወንዝ እየተግተለተለ የሚመጣው ደራሽ ነው። ደራሹ ሲመጣ ሰው ሁሉ ያለውን ጥሎ ይሮጣል፤ በግራር ቅርንጫፍ፣ በድንጋይና በአሸዋ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ቦዩ ያስገባዋል። በቦዩ ዳር እያንዳንዱ ማሳ በአፈርና በእሾህ የተደፈነ አፍ አለው። ተራው የደረሰ አፉን ይከፍታል፤ ጠጥቶ ሲጠግብ ይደፍንና ውሃው ወደ ታችኛው ያልፋል። ከላይ ያለው ይቀድማል፣ ከታች ያለው ይከተላል። ይህን ሁሉ የሚያዘው የውሃ አባት ነው። የት እንደሚጠለፍ፣ ማን ቅርንጫፍ እንደሚቆርጥ፣ ማን እንደሚከፍት እሱ ይናገራል፤ ሰው ይታዘዛል። ደመወዝ የለውም። ያለው አንድ ግዴታ ነው፦ የራሱ ማሳ የትም ይሁን የት፣ የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

የሞላ ማሳ ደግሞ በቦዩ ላይ የመጀመሪያው ነው። ውሃው በበሩ እያለፈ ወደ ሌላ ይሄዳል። አምና ደራሹ ቶሎ ቶሎ ስላልመጣ ተራው እሱ ዘንድ ሳይደርስ ክረምቱ አለቀ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። በየዓመቱ በጭነት መኪና ደሴ ለአክስቷ ይላክ የነበረው እህል አልተላከም። አክስቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የራሷ ልጆች ግን አሏት። በጥር ወር ሔዋን ሻንጣዋን ይዛ፣ እህሉ ይሄድበት በነበረው መኪና ተመልሳ መጣች።

«አክስቴ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?» አለች ሔዋን። «‹ማሽላችሁ ቆሞ እንደሆነ ከሰማሁ በመስከረም ትምጣ› ብላለች። ቆሞ ከሆነ። አንድ ጎርፍ፣ ሰይዳ። አንድ ጎርፍ ብቻ ማሳችን ቢጠጣ ደሴ እገባለሁ።»

«ደሴ፣ ደሴ፣ ደሴ» አለች ሰይዳ አሸዋውን በጫማዋ እየረገጠች። «እኔ ደሴን አይቻት አላውቅም። ያለሁት እዚሁ ነው። እዚህ መኖር በሽታ ነው እንዴ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሻል። ከመጣሽ ጀምሮ በየቀኑ ነው የምትይው።»

ሰይዳ እስከ መለያያቸው ድረስ ቀድማ ሄደች። የሰይዳ እናት የዓሊማ ማሳ ከነሞላ ማሳ ቀጥሎ ያለው ነው። የሚመጣው ጎርፍ ተራ የነዓሊማ መሆኑን ሔዋን ታውቃለች፤ ሰይዳም ታውቃለች።

አባቷ ደጅ ተቀምጦ ለዶማው አዲስ እጀታ ይጠርባል። እናቷ ለተ ብርሃን በከሰል ካውያ ነጭ ሸሚዙን ትተኩሳለች፤ የሠርግ ሸሚዙን። ሔዋን ደብተሯን ወርውራ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ዘንድሮ በተራችን እንጠጣ።»

ሞላ ቀና ሳይል እጀታውን እያገላበጠ አየው። «ተራችንማ የታወቀ ነው።»

«ተራችን የመጀመሪያው ነው። ማሳችን ያለው ላይ ነው። ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ይቀድማል።»

«እኔ ማንም ሌላ ሰው አይደለሁማ።»

«አንተ አይደለህም። እኔስ? እማስ?»

ሞላ መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ስሚኝ። ሰው የሚታዘዘኝ ለምን ይመስልሻል? ጉልበት አለኝ? ፖሊስ ነኝ? እንደማልቀድመው ስለሚያውቅ ነው። አንድ ቀን ቀድሜ ብጠጣ፣ ‹ና ቅርንጫፍ ቁረጥ› ስለው ማን ይሰማኛል? ሁሉም በየፊናው ይጠልፋል፣ በዶማ ይፈነካከታል። እዚህ ሰፈር ከዚህ በፊት የሆነውን አታውቂም።»

ያለው እውነት እንደሆነ ይገባታል። የበለጠ ያናደዳትም ይኸው ነበር፤ እውነት ሆኖ እሷን ደሴ የማያደርስ እውነት።

«እንግዲያው ይቅርብህ» አለችው። «ሌላ ሰው ይሁን። የኛም ማሳ እንደ ሰው ማሳ ይጠጣ።»

«ሌላ ማን?» አለ አባቷ። በድምፁ ውስጥ የሰማችው ለሰፈሩ ማሰብ አልነበረም። የለበሰውን ሊገፍፉት እንደመጡበት ሰው ነው የደነገጠው። ወዲያው እጁ ወደ እጀታው ተመለሰ። «ደግሞ ጋቢ ይሰጡሃል አሉኝ» አለ ወደ መሬት እያየ፣ ሳያስበው ፈገግ ብሎ። «በሰው ፊት።»

ሔዋን ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ አንቺ ምንም አትይም?»

ለተ ብርሃን ካውያውን አንሥታ አመዱን እፍ ብላ አራገፈች። «አንገትጌው ገና አልተስተካከለም» አለች።

ቅዳሜ ዕለት ፕሮግራሙ ለጠዋት ተጠርቶ እንግዶቹ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሞላ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ሔዋን ከመምህር ናሆም አጠገብ ሆና እናቷን በዓይኗ ፈለገቻት። የለችም። ዓሊማም ሰይዳም የሉም።

የወረዳው ኃላፊ ንግግር ረጅም ነበር። በጎ ፈቃደኝነት የልማት መሠረት እንደሆነ ተናገረ፣ ስለ ወጣቶች ተናገረ፣ ከዚያ ወደ በጎ ፈቃደኝነት ተመለሰ። ከሸራው በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በስተምዕራብ ግን፣ ከላስታ ተራሮች በላይ፣ ጥቁር ደመና ተቆልሏል። ገበሬዎቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ወደዚያ አቀኑ። ኃላፊው ከጀርባው የተሰቀለውን ባነር የሚያነቡ መስሎት ይበልጥ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እነሆ» አለ በመጨረሻ፣ «ለራሳቸው ሳይሉ ለሕዝብ የኖሩት አቶ ሞላ ወደዚህ ይምጡልን።»

ጭብጨባው ደመቀ። ሞላ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ጋቢ በሁለት እጁ ተቀበለ። ፎቶ አንሺው «ወደዚህ ይመልከቱ» ሲለው እሱም ዓይኑን ወደ ተራራው ጥሎ ነበር። ኃላፊው እጁን እንደጨበጠው ከወንዙ በኩል ረጅም ፉጨት ተሰማ፤ ከፉጨቱ በኋላም ድምፅ።

«ደራሽ! ደራሽ መጣ!»

አግዳሚዎቹ በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። ሽማግሌው በትሩን፣ ጎልማሳው ነጠላውን እየሰበሰበ ተነሣ። ሞላ ዘወር ሲል ያገኘው ሔዋንን ነው፤ ጋቢውን ደረቷ ላይ ጣለላትና ሮጠ። ነጩ ሸሚዝ በግቢው በር ወጥቶ ሲጠፋ ኃላፊው እጁን እንደዘረጋ ቀርቶ ነበር።

«እንዴ» አለ። «ፕሮግራሙ እኮ አላለቀም።»

«ጎርፍ ነው ጌታዬ» አለ መምህር ናሆም። «ጎርፍ ከመጣ ሰው አይቀመጥም።» ከዚያ ወደ ሔዋን ጎንበስ አለ። «ቢያንስ አንቺ አንብቢው። እንግዶቹ በባዶ አይመለሱ።»

ሔዋን ባዶዎቹን ወንበሮች አየች። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ያዘጋጀችው ንግግር ሌላ ነበር፤ ሰው ፊት አባቷን የሚያሸማቅቅ፣ ያበደች የሚያስመስላት ንግግር። አሁን የሚያዳምጣት ሁለት እንግዳና አንድ ፎቶ አንሺ ነው። ይህም ተወሰደባት። ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ጋቢውን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ወደ ጠለፋው አልሄደችም። እዚያ ወንዶቹ እየጮሁ ቅርንጫፍ ይጎትታሉ፤ መሃል ላይ አባቷ እንደ ንጉሥ ያዝዛል። እሷ ያመራችው ወደ ማሳቸው ነው።

ውሃው ቦዩ ውስጥ ደርሷል፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ገለባና የፍየል በጠጥ ተሸክሞ። እናቷ የማሳቸው አፍ ላይ ቦዩ ውስጥ ቆማለች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ፣ እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ ጎርፉ የሸረፈውን አፈር በአካፋ እየመለሰች ትደፍናለች።

«ለምን መጣሽ?» አለቻት።

«አንቺ ለምን አልመጣሽም? አባን ሲሸልሙት።»

«ማን ይጠብቀው ታዲያ?» ለተ ብርሃን በአካፋው ጀርባ አፈሩን መታ መታ አደረገች። «ደመናውን ጠዋት አይቸው ነበር።»

«ምኑን ነው የምትጠብቂው? ተደፍኖ የለም?»

«ውሃ ይሸረሽረዋል፤ ፍልፈል ይበሳዋል። በራሱ ቢከፈትስ ማን ያምናል? ‹የሞላ ሚስት ከፈተችው› ነው የሚሉት። ካገባሁት ጀምሮ ደራሽ በመጣ ቁጥር የምቆመው እዚሁ ነው። አንቺን እርጉዝ ሆኜም ቆሜያለሁ።»

ሔዋን የእናቷን እግር አየች። ተረከዟ በየዓመቱ የሚሰነጠቀው፣ ማታ ማታ ቅባት የምትቀባው ከድካም ብዛት ይመስላት ነበር። ውሃ የራሷ ማሳ ውስጥ እንዳይገባ ነው ለካ እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ውስጥ የቆመችው። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቅ ቢኖርም ጋቢ አላሰበላትም።

ጋቢውን ቦዩ ዳር ጥላ እዚያው የተጋደመውን ዶማ አነሣች።

«ውጪ እማ።»

ለተ ብርሃን ዶማውን አየችው፤ ልጇን አየቻት። የምትቆጣ፣ የምትከለክል መስላ ነበር። እሷ ግን አካፋውን ተመርኩዛ ከቦዩ ወጣች።

«ደክሞኛል ጓለይ» አለች። በልጅነቷ ከእናቷ በሰማችው ትግርኛ «ልጄ» የምትላት ልቧ ሲከፋ ብቻ ነው። «አልከፍትም፤ ለሱ ስል አልከፍትም። ከዛሬ ጀምሮ ግን አልከለክልም። ካደረግሽው አንቺ ታውቂያለሽ።» ጀርባዋን ሰጥታ ድንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ሔዋን መታችው። አንዴ ለሻንጣዋ፣ አንዴ ለሸሚዙ፣ አንዴ ለዚያ ሁሉ ጭብጨባ። አፈሩ ካሰበችው በላይ ቶሎ ለቀቀ። ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ገባ፣ የተሰነጣጠቀው መሬት ፍሽ እያለ ሲጠጣው ድምፁ ተሰማት። ለአፍታ ያህል ደስ አላት፤ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረው።

ከዚያ አፉ መስፋት ጀመረ። እሷ ዶማ ሳታነሣ አንድ ጎን ተንዶ ወደቀ፣ ቀጥሎ ሌላው። አፍ በወግ ሲከፈት ጎንና ጎኑ በድንጋይ ይያዛል፤ እሷ ይህን አላደረገችም። የቦዩ ውሃ ሁሉ ወደ ቀዳዳው ዞረ። ማሳውን ማጠጣት ትቶ እየቆፈረ፣ ለሙን አፈር እየገፈፈ ይወርድ ጀመር። ቦዩ ከዚያ በታች ባዶ ሆነ።

«ውሃው ቀረ!» የሚል የዓሊማ ጩኸት ከታች መጣ። «ኧረ ውሃው የት ሄደ!»

«እማ!»

ለተ ብርሃን ቀድማ ዘላ ገብታለች። አካፋውን ጣለችው፤ በአካፋ የሚሆን አልነበረም። ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ቀዳዳው ላይ ተቀመጠች። «እሾህ አምጪ! ድንጋይ! ያገኘሽውን!»

ሔዋን እሾኹን ጎተተች፤ ውሃው ከእጇ ነጠቃት። ድንጋይ ወረወረች፤ ተንከባሎ ማሳ ውስጥ ገባ። ዞር ስትል ጋቢውን አየችው። ፕላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችና ነጩን፣ ጥለቱ የሚያምረውን ጋቢ ዘርግታ በእናቷ ጀርባ በኩል ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀችው። ውሃው ወጥሮ ያዘው። በላዩ ላይ ድንጋይ ጫነች። አንድ ሌላ እጅ መጥቶ ሌላ ድንጋይ ጫነ፤ የሰይዳ እጅ ነው። ከታች እየሮጠች መጥታ ምንም ሳትጠይቅ ገብታለች። ሦስቱም በእጃቸው ጭቃ እያፈሱ፣ እየረገጡ፣ ጋቢውን ከድንጋዩና ከእሾሁ ጋር እያያዙ ደፈኑት። ቀስ በቀስ ውሃው ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

ሰይዳ ትንፋሿን ሰብስባ ቀና አለች። ዓይኗ ከቀረው የአፈር ግድግዳ ላይ አረፈ።

«ይሄ የዶማ ምልክት ነው» አለች።

«አዎ።»

«የእናቴን ውሃ ነው የቆረጥሽው።»

«የኛም መሬት ነው የደረቀው።»

«ማን አደረቀው? እኔ ነኝ ያደረቅሁት? እናቴ ናት?» አለች ሰይዳ። «ከተናደድሽ አባትሽን አትናገሪውም? አባትሽን ስለምትፈሪ የኛን ውሃ!» ፊቷ ላይ ያለውን ጭቃ በክንዷ ጠርጋ ወደ ታች ወረደች። አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም።

ሞላ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሸሚዙ የጭቃ ቀለም ይዟል፤ ድምፁ ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል። ግን ደስ ብሎታል። ጠለፋው ይዞ ነበር። አፉ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከጭቃው ውስጥ የጋቢው ጥለት ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ውሃው ሰበረው» አለች ለተ ብርሃን ፈጥና። «በጋቢው ነው ያተረፍነው።»

ሞላ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ዶማውን አየ፤ ሔዋንን አየ። ሔዋን ቁጣውን ጠበቀች። ፈልጋውም ነበር፤ እሱ ቢጮህ እሷም ትጮሃለች። አባቷ ግን ዓይኑን ሰበረ።

«እንግዲህ ውሃው ነው» አለ። «ጠዋት ሰው ሲሰበሰብ እንደዚያ እላለሁ። ውሃ ነው ይሰብራል።»

«አባ...»

«በሰው ፊት ልጄን አላቆምም» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ገና ዛሬ ሸልመውኝ፣ ነገ... አላቆምም። በቃ።» እየቸኮለ ወደ ቤት ሄደ።

ሔዋን እዚያው ቆማ ቀረች። ለእርሻው፣ ለትምህርቷ፣ ለእናቷ እግር ሲል ያልጣሰውን የውሃውን ሕግ አሁን ሊጥሰው ነው፤ ስሙ እንዳይነካ። ይሄ ሁሉ ለዚህ ነበር? ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ውሸቱ ለሷም እንደሚበጃት ታውቀዋለች። ዝም ካለች ማንም አይጠይቃትም። ከሰይዳ በቀር።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ወንዙ ዳር ከሾላው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ከእያንዳንዱ ደራሽ በኋላ እንዲህ ነው፤ ማን እንደቀረ፣ ምን እንደተሰበረ፣ ማን እንዳጠፋ ይነገራል። ያጠፋ ሰው ከመፈረዱ በፊት ቆሞ እንዲናገር ይደረጋል። ያለ ተራው አፍ የከፈተ ቅጣቱ የታወቀ ነው፦ ክረምቱን ሙሉ የቦዩን ደለል ይጠርጋል።

«ሞላ፣ ጋቢህን አትለብሰውም?» አለ አንዱ ከኋላ። «ወይስ ለጥምቀት ነው?»

«ዓይን እንዳይበላበት ነው» አለ ሌላው። ሰው ሳቀ። ሞላ ለመሳቅ ሞከረ።

ዓሊማ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ሰይዳ ከጎኗ። ሰይዳ ለእናቷ ምንም እንዳልነገረቻት ከዓሊማ ፊት ያስታውቃል። ሰይዳ ሔዋንን ግን ትክ ብላ ታያታለች። ጥላቻ አልነበረም። እየጠበቀቻት ነበር። ለተ ብርሃን እንደ ልማዷ ከሁሉም ኋላ፣ ከጥላው ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ቆማለች።

«ጠለፋው ደኅና ይዟል» ብሎ ጀመረ ሞላ። «የተሰበረ ነገር ቢኖር የኔው ማሳ አፍ ነው። እሱንም...» ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱንም ውሃው...»

«አባ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች ሔዋን።

መቆሟን ያወቀችው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያያት ነው። አንድ ወፍ ከሾላው ላይ ተነሥታ ሄደች።

«በዶማ ነው የከፈትኩት፤ ያለ ተራችን። የእማማ ዓሊማን ውሃ ነው የቆረጥኩት። ደለሉን እጠርጋለሁ።»

አንድ ሽማግሌ «አይ ያንቺ ነገር» ብለው በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ፤ «የገዛ ልጁ?» የሚል ተሰማ። ዓሊማ ልጅቷን አየቻትና ወደ ሞላ ዞረች።

«ወጉ ይታወቃል» አለች። «ከመፈረዱ በፊት ትናገር። የውሃ አባት አንተ ነህ፣ ጠይቃት እንጂ።»

ሞላ ልጁን አየ። ከትናንት ወዲህ ቀጥ ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ልመናም ቁጣም ነበረበት። በመጨረሻ፣ በተዘጋ ድምፁ፣ «የምትይው አለሽ?» አላት።

ሔዋን ብዙ የምትለው አላት። ወረቀት አልያዘችም። ማታ ማታ ያዘጋጀችው ንግግር ከአፏ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ አሁን ስታስበው ግን የሚጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። አባቷን ትታ ከሰዎቹ ራስ በላይ አሻግራ ተመለከተች።

«አለኝ» አለች። «መጀመሪያ ግን እማ ወደዚህ ትምጣ። እሷ ከዚያ ሆና አልናገርም።»

ሰዎቹ ዞረው አዩ። ለተ ብርሃን «እኔን ነው?» በሚል ዓይነት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ መሃል ሰይዳ ተነሥታ ከነበረችበት ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቀች።

ሔዋን እናቷ እስክትደርስ ጠበቀች።